የወይራ አፋፍ ግድግዳና የእኔ ሲሚንቶ

አስቀድሜ ልናገር፤ ጉረኛ ነኝ። አዳማ ውስጥ ሲሚንቶ፣ ፌሮና ቆርቆሮ እሸጣለሁ፤ በሱቄ ደጃፍ ለሚያልፍ ሁሉ «ያንን ፎቅ ታየዋለህ? ሲሚንቶው ከእኔ ነው የወጣው» ሳልል አላድርም። እንግዲህ ዳባት ገጠር ስላለችው የእናቴ ደብር፣ ስለ ወይራ አፋፍ ኪዳነ ምሕረት ስጽፍ ጉራ ቢበዛብኝ አትፍረዱብኝ። ይዤ የሄድኩት ጉራና ይዤ የተመለስኩት ጉራ ግን አንድ አይደሉም።

ነገሩ የተጀመረው ባለቤቴ ኩላሊቱን ታሞ በተኛ ጊዜ ነው። ጌታቸው ጎረቤት የሚቀሰቅስ ድምፅ ያለው ሰው ነበር፤ ሆስፒታል አልጋ ላይ ድምፁ ጠፍቶ፣ ውኃ ሲፈልግ ጆሮዬን አፉ ላይ እስክደቅን ድረስ ደረሰ። ያን ጊዜ «እመቤቴ፣ ይህን ሰው አንሺልኝና እናቴ ክርስትና የተነሳችበትን ደብርሽን በሲሚንቶ አለብስልሻለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ሌላው ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ሻማ ይሳላል። ሲሚንቶ ነጋዴ ምን ይሳል? ጌታቸው ተነሳ። እኔም አንድ አይሱዙ ሙሉ ሲሚንቶ ጭኜ ላክሁ።

ልስኑ ሲያልቅ ፎቶ መጣልኝ። ግራጫ፣ ልሙጥ፣ የሚያምር ግድግዳ። ገና ሳይደርቅ በምስማር «ስለት ዘወለተ ሥላሴ» ብለው የክርስትና ስሜን ጽፈውበታል። ፎቶውን አሳድጌ ሱቄ ውስጥ ሰቀልኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ደንበኛ በገባ ቁጥር ወደ እሱ እየጠቆምኩ ኖርኩ፤ ሄጄ ግን አላየሁትም። አምና ጥቅምት ላይ የደብሩ የሕንጻ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ፈንታሁን ደወሉልኝ። «ደብራችንን አፍርሰን ካቴድራል ልንሠራ ነው፤ መጥተሽ እዪልን» አሉኝ። ካቴድራል! ለሲሚንቶ ነጋዴ እንዲህ ያለ ቃል በስልክ አይነገርም። በሁለተኛው ቀን ቲኬት ቆረጥኩ።

ሐሙስ

ከአዳማ የወጣሁት በሙቀት ነው፤ ጎንደር የወረድኩትም በሙቀት። «ደጋ ደጋ የምትሉት ይሄ ነው?» ብዬ የታክሲውን ሹፌር ነቆርኩት። «ነገ ደባርቅ ላይ ትነግሪኛለሽ» አለኝ። ያደርኩበት ሆቴል ንጹሕ ነው፤ የሻወሩ ሙቅ ውኃ ግን እኔ ተራዬን ስጠብቅ አለቀ። የሆቴሉ ሴት ይቅርታ ብላ በባልዲ አሙቃ፣ ራሷ ተሸክማ አመጣችልኝ። አዳማ ቢሆን «ነገ ይመጣል» ብለው በሩን ይዘጉብኝ ነበር።

ዓርብ

በሚኒባስ ወደ ደባርቅ። ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ጫኑት። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ በኋላ በግራም በቀኝም የገብስ ማሳ ብቻ፤ ነፋሱ በመስኮት ገብቶ ጥርሴን ያንቀጫቅጨው ጀመር። የአዳማን ነፋስ አውቀዋለሁ፣ አቧራ ብቻ ነው የሚያለብስህ። ይሄኛው አጥንት ይቆጥራል።

ደባርቅ ወርጄ ሻንጣዬን ስጠይቅ ረዳቱ አንድ ማዳበሪያ ነጭ ሽንኩርት አወረደልኝ።

«ይሄ የኔ አይደለም!»

«ታዲያ የማነው? የቀረው እሱ ብቻ ነው።»

አንዲት ሴት አምባ ጊዮርጊስ ላይ ስትወርድ ሻንጣዬን በሽንኩርቷ ፈንታ አውርደውላታል። ጮህኩ፣ ተሳደብኩ፣ የማልናገረውን ተናገርኩ። ሹፌሩ ሰይድ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው፤ እስክጨርስ ጠበቀኝና «እትዬ፣ ሽንኩርቱን ያዢው። ሴትዮዋ ሽንኩርቷን ትፈልጋለች፣ አንቺ ሻንጣሽን ትፈልጊያለሽ፤ መገናኘታችሁ አይቀርም» ብሎ ስልኬን መዘገበ።

እናም ወደ አክስቴ ልጅ ወደ አበሩ ቤት በነጭ ሽንኩርት ገባሁ። አበሩ ደባርቅ ገበያ ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ትሸጣለች፤ ለእኔ መድኃኒት ናት። «እሰይ እታለም! አዳማ ስጦታ የሚወሰደው በማዳበሪያ ነው እንዴ?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ። ከዚያ የራሷን ሹራብ አለበሰችኝ፣ የባሏን የክረምት ቡትስ ከነካልሲው አጠለቀችልኝ፣ ትኩስ የገብስ ገንፎ በተልባ ፊቴ አስቀመጠች። ሦስት ብርድ ልብስ ደራርባብኝ ተኛሁ። ስለ ግድግዳዬ ስጠይቃት ግን መልሷ አጠረ። «እስቲ ነገ ታዪዋለሽ» ብላ ወሬውን ወደ ጌታቸው ጤና አዞረችው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ቅዳሜ

ወደ ዳባት አቅጣጫ ተመልሰን፣ ከአስፋልቱ ወርደን በበቅሎ ተጓዝን። በቅሎ ላይ የወጣሁት ከልጅነቴ ወዲህ ገና አሁን ነው። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር «እመቤቴ ሆይ!» ስል፣ አበሩ ከኋላዬ «እሷ ሰምታሻለች፣ አሁን ለበቅሎዋ ንገሪያት» ትላለች።

ወይራ አፋፍ ከሩቅ ይታያል። ከገደሉ ጫፍ፣ በወይራና በጥድ ተከቦ፣ ክብ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ጉልላቱ ተቀምጦ። ቦታው ድሮ የአንድ መስፍን ከተማ ነበር ይላሉ፤ ድንኳኑ፣ ሠራዊቱ፣ ገበያው ሁሉ እዚህ ነበር፣ ይህችም የከተማው እናት ደብር። ከተማው በጦርነት ተቃጠለ፣ መስፍኑም ጠፋ፤ ደብሯን ግን ሕዝቡ መልሶ ሠራት። ዛሬ ከከተማው የቀረው በግጦሹ መሀል የተበተነ ድንጋይ ነው።

አሠራሯን ልንገራችሁ፣ ይሄ ያኮራኛልና። ሦስት ክብ ናት፤ ካህናቱ የሚዘምሩበት ቅኔ ማኅሌት፣ ምእመን የሚቆርብበት ቅድስት፣ ከመሀል ደግሞ አራት ማዕዘኑ መቅደስ። ግድግዳዋ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ በየክንድ ርቀቱ የወይራ ግንድ ዙሪያውን እንደ መቀነት ታስሮበታል። ግድግዳዋ ውስጥ አንድ ምስማር የለም። ከግድግዳው ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አሥራ ሁለት የጥድ ዓምዶች ቆመዋል፤ ከአሥራ ሁለት ጎጥ ናቸው። እያንዳንዱ ጎጥ አንድ ጥድ ቆርጦ፣ ከቆላው በትከሻው ተሸክሞ አምጥቶ ተክሏል። እስከ ዛሬ ሰው የሚያስቀድሰው በየጎጡ ዓምድ ሥር ነው። ዓምዱ ቢያረጅ ያ ጎጥ ይተካዋል፤ በዓምዱ ፊት ያለው ግድግዳ ቢጎዳም ያው ጎጥ ይጠግነዋል፣ ሌላው እጁን አያስገባም።

እናቴ አዳማ ጉልት ላይ በርበሬ ትሸጥ ነበር። ሰው ሲንቃት «እኔኮ ዓምድ አለኝ!» ትል ነበር። ልጅ ሆኜ አፍርባት ነበር፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አይገባኝም። ቅዳሜ ከበቅሎ ወርጄ ደጀ ሰላሙን ስሜ ስገባ የእናቴን ጎጥ ዓምድ፣ ሦስተኛውን፣ አበሩ አሳየችኝ። ሰው እየተደገፈው መሀሉ ልሙጥ ሆኗል። እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዓይኔን ጠርጌ ግድግዳዬን ፈለግኩት። ከዓምዱ ፊት ለፊት ነበር። በፎቶ የማውቀው ግራጫ ልሙጥ አልነበረም። ከወገቡ በታች ጠቁሯል፣ አረንጓዴ ሽበት አውጥቷል፣ መሀሉ ወደ እኛ ተነፍቷል። ከስሜ ሥር ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወርዷል። አጠገቤ የቆሙት አቶ ፈንታሁን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ፈጠን ብለው የተጠቀለለ ወረቀት ዘረጉልኝ። ሦስት ጉልላት፣ ረጃጅም መስኮት፣ የእምነ በረድ ደረጃ። «አሮጌው አረጀ፤ ለዚህ ነው ካቴድራል ያልነው» አሉ።

ከጎናቸው አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። አያ ደሴ ይባላሉ፤ የአካባቢው ግንበኛ ናቸው።

«አላረጀም» አሉ።

«አያ ደሴ፣ እንግዳ ናት እኮ...» አሏቸው አቶ ፈንታሁን።

«እንግዳማ ብትሆን ዝም ባልሁ። የሦስተኛው ዓምድ ልጅ ናት።» ወደ እኔ ዞሩ። «ስሚኝ ልጄ። ይህ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይጠጣል። ድሮ በጭቃው በኩል ለነፋስ ይመልሰው ነበር። ያንቺ ሲሚንቶ መውጫውን ዘጋበት። ውኃው ውስጡ ቀረ፣ ወይራው መበስበስ ያዘ። ሲሚንቶው ካልተነሳ የሚመጣውን ክረምት አይሻገርም።»

ደሜ ፈላ። «የኔን ሲሚንቶ ነው? ከተማ የሚያቆመውን ሲሚንቶ?»

«ከተማ ያቁም፤ ማን ከለከለው።»

ዕቃዬን አንስቼ ልሄድ ነበር፤ የማነሳው ዕቃ ግን አልነበረኝም፣ ሻንጣዬ ያለው አምባ ጊዮርጊስ ነው። በሰው ቡትስ እየተንገዳገድኩ ወደ ማደሪያዬ፣ ወደ አንድ የደብሩ ካህን ቤት፣ ወረድኩ። እራት ያቀረቡልኝ የካህኑ ባለቤት፣ እማማ ጥሩነሽ፣ የድንች ወጡን በእጃቸው እያጎረሱኝ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። እኔም እየጎረስኩ ተኮሳተርኩ።

እሁድ

ቅዳሴውን በእናቴ ዓምድ ሥር ቆሜ አስቀደስኩ። ሰው ሁሉ ቦታ ለቀቀልኝ። ካህኑ የስለት ሰጪዎችን ስም ሲጠሩ የእኔንም ጠሩ፤ ሕዝቡም መረቀኝ። ዓይኔ ግን ስንጥቁ ላይ ነበር።

ሕዝቡ ሲበተን ከቦርሳዬ የሱቄን ቁልፍ አወጣሁና ግድግዳውን አንኳኳሁት። እኔ ሲሚንቶ ስሸጥ ነው ያረጀሁት፤ የያዘና ያልያዘ ልስን በድምፁ አውቃለሁ። እንደ ባዶ ገንቦ ጮኸ። ወደ ታች ወርጄ አንኳኳሁ፣ እዚያም ያው ነው። ስንጥቁ ላይ ጣቴን ሳስገባ እርጥብ ወጣ። በጥቅምት ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ነፋስ እየነፈሰ፣ እርጥብ! አያ ደሴ እውነታቸውን ነው። የእናቴን ደብር የሚያፈርሳት እርጅና አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ።

ያን ጊዜ የያዘኝ እፍረት ብቻ አይደለም፣ ፍርሃትም ነው። ለታቦት የገባ ስለት እንዴት ይነሳል? ስለቴን ካነሳሁ፣ እሷም ያነሳችልኝን ሰው መልሳ ብታስተኛውስ? ወደ ቄሰ ገበዙ ሄድኩ። አባ ወልደ ማርያም ደቃቃ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የደብሩን ንብረት የሚጠብቁ እሳቸው ናቸው።

«አባ፣ አውቃችሁ ኖሮ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«የገባ ስለት እኛ በእጃችን አንነካም፣ ልጄ። የሰጠው ሰው ራሱ ካልመጣ ማን ደፍሮ ይመታዋል? ደውለን ስጦታሽ ጎዳን ማለትም ነውር ሆነብን። እንድትመጪ ስንጸልይ ከረምን።»

«ብታነሱት ባሌስ?»

«እመቤታችን ባልሽን ያዳነችው ሲሚንቶ ቸግሯት ነው?»

ሳቄ ከእንባዬ ጋር መጣ።

«ስለትሽ ምን ነበር?»

«ላለብሳት።»

«አልብሰሻታል፣ ተቀብላለች። የረጠበ ልብስ ደግሞ ይወልቃል። አውልቂው፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

እንዲያም ሆኖ ልቤ አልረጋም። ኔትዎርክ የሚገኘው ከገደሉ ጫፍ ካለች አንዲት ድንጋይ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ወጥቼ ደወልኩለት። ጌታቸው ስልኩን ገና ሲያነሳ «ግድግዳሽን አየሽው?» አለ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ፍርሃቴንም ጭምር። ከዚያ «አንቺ ሴት! እኔ የዳንኩት በልስን ነው እንዴ? ፈንቅይው!» ብሎ ሲጮህ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ከገደሉ በታች ያለው ማሳ ሳይሰማው አልቀረም።

ወዲያው መዶሻ ስጡኝ አልኩ። አያ ደሴ «በሰንበት?» ብለው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። አዳማ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሱቅ እከፍታለሁ አላልኳቸውም።

አቶ ፈንታሁን ወረቀታቸውን እንደያዙ ቀረቡ። «ታዲያ ካቴድራሉስ? እኛ ደብራችን እንዲያምር ነበር ሐሳባችን።»

«መምህር፣ በወረቀትዎ ላይ ያለውን ዓይነት ስሸጥ ነው የምውለው። በዓመቱ ሲሰነጠቅ ደንበኛ እየመጣ ይጮህብኛል። ይህችን የሠራት ሰው ላይ እስካሁን ማን ጮኸ?»

እሳቸውም ሳቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረው፣ ሲሚንቶው ይነሳና ግድግዳው ክረምቱን ከተሻገረ የማፍረሱ ነገር ይቀራል ተባባሉ።

ሰኞ

የእናቴ ጎጥ ሰዎች በማለዳ መጡ። ጭቃውን በጭድ እየረገጡ አቦኩት፤ ለሳምንታት እየተረገጠ መቆየት አለበት አሉኝ፣ ዛሬ የጀመርነው ሲሚንቶው ተነስቶ ግድግዳው ሲደርቅ ይደርሳል። አያ ደሴ መሮውን ከታች ጥግ ላይ አስደገፉና «ከዚህ ጀምሪ፣ ከዚህ ይቀላል» አሉኝ።

«ከስሙ ነው የምጀምረው።»

«ስምሽን?»

«ስሜን።»

መሮውን «ወለተ» በሚለው ላይ አድርጌ መታሁ። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ትልቅ ገበታ የሚያህል ልስን ከነስሜ ተገንጥሎ ቡትሴ ላይ ወደቀ። ከኋላው የረጠበ አፈር ሽታ ወጣ። አያ ደሴ ተንበርክከው ወይራውን በካራ ፋቁት። ጫፉ ለስልሷል፣ እንደ ዳቦ ፈረፈረ። ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ፋቁ፣ ደጋግመው ፋቁ፤ ካራው አልገባ አለ።

«አጥንቱ ደህና ነው!» ብለው ጮኹ። እልልታው ቀለጠ። አበሩ በደስታ ትከሻዬን ደበደበችው፣ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

እኔ ግን ጭቃውን እያየሁ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ድንጋይ መሀል ተቀምጦ፣ ጭዱ ገና ቢጫ ነው። ማን እንዳቦካው ለማወቅ ዙሪያውን ፈለግኩ፤ ስም ይኖራል ብዬ። በግድግዳውም፣ በዓምዱም፣ በጉልላቱም የአንድ ግንበኛ ስም የለም። አባ ወልደ ማርያምን ጠየቅኩ፤ «እሷ ታውቃቸዋለች» አሉኝ። የእኔ ስም በሦስት ዓመት ውስጥ ግድግዳ ሊጥል ነበር። እነሱ ስም ሳይጽፉ አቁመውት ሄዱ። የእነሱ ልጅ መሆኔ ግን አኮራኝ፤ ከአዳማ ፎቆች ሁሉ ይበልጥ አኮራኝ። የቀረውን ቀን በሰው ቡትስ ጭቃ ስረግጥ ዋልኩ። ማንም «እንግዳ ናት ተዋት» አላለም፤ ዓምድ አለኛ።

ማክሰኞ

ስመለስ እማማ ጥሩነሽ የመንገድ ስንቅ፣ ድፍን ዳቦና የተቆላ ገብስ ቋጠሩልኝ። ደባርቅ ስደርስ ሰይድ መናኸሪያው በር ላይ ሻንጣዬን ይዞ ቆሟል። ሽንኩርቷን ከአበሩ ቤት ወስዶ ሲያደርስላት የአምባ ጊዮርጊሷ ሴት ልብሴን አጣጥፋ መልሳዋለች፤ በላዩም አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት አድርጋበታለች፣ «ለደከመችበት» ብላ። ያን ሁሉ ስድብ ያወረድኩበትን ሰው ይቅርታ ጠየቅኩት። «ኧረ ተይው እትዬ፣ ብርዱ ነው» አለኝ።

አዳማ

አሁን ሱቄ ውስጥ ነኝ። የድሮውን ፎቶ አውርጄ፣ አበሩ የላከችልኝን ሰቅያለሁ፤ ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ወይራ፣ በፊቱ ሦስተኛው ዓምድ። ክረምቱ አልፏል። መስከረም ላይ አባ ወልደ ማርያም ከገደሉ ጫፍ ድንጋይ ላይ ቆመው ደውለው ነበር፤ ነፋሱ ግማሹን ወሰደብኝ እንጂ «ቆማለች» ያሉትን ሰምቻለሁ። ስሜን አሁንም በቅዳሴ ጊዜ ይጠሩታል፤ ሲሚንቶዋን ያወለቀች ብለው።

ትናንት አንድ ሰው ሲሚንቶ ሊገዛ መጣ።

«ለምን ሥራ ነው?» አልኩት።

«የአባቴን ቤት ላስለስን።»

«ግድግዳው የምንድነው?»

«ድንጋይና ጭቃ ነው፣ የድሮ።»

«አልሸጥልህም። ሂድና ጭቃ አቡካ።»

ሰውዬው ደንግጦ ወጣ። ጌታቸው ከመጋዘኑ ውስጥ «አንቺ ሴት! ሱቁን ልትዘጊው ነው?» ብሎ ሲጮህ መንገድ የሚሻገሩት ሁሉ ዞረው አዩን። ይጩህ። ሲጮህ ደስ ይለኛል።